የኪያና ሸለቆን ማን አቀናው?

ብስክሌት፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፤ እነዚህን ቃላት ያገኘናቸው ከጣሊያንኛ ነው። የአሥመራም ሆነ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ብስክሌቱ ሲያወራ ሳያውቀው ግማሹን በጣሊያንኛ ያወራል። ስለዚህ ስለ አንድ የጣሊያን የብስክሌት መንገድ ስጽፍ አንባቢ «ምነው፣ ርዕስ ጠፋ እንዴ?» እንዳይለኝ እለምናለሁ። መንገዱ ላይ የሚሄደው ብስክሌት ነው፤ ከሥሩ ያለው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። የመሬት ጉዳይ ደግሞ ለእኛ ተማሪዎች የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ አያውቅም። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።)

መንገዱ ያለው በመካከለኛው ጣሊያን፣ በቶስካና ነው። ከኪዩዚ ተነሥቶ ወደ ሰሜን እስከ አሬዞ 62 ኪሎ ሜትር ይዘልቃል። አስፋልት አያውቀውም፤ ጠጠርና የተጠቀጠቀ አፈር ነው። መኪና አይገባበትም፤ አልፎ አልፎ የመኪና መንገድ ያቋርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ዝም ነው። በአንድ ወገን ቦይ፣ በሌላው ወገን ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሱፍ አበባ። ዳገት የሚባል የለበትም፤ ሲጋራ ያበዛ ተማሪ እንኳ ሳያለከልክ ይጨርሰዋል። ስሙ «ሰንቲዬሮ ዴላ ቦኒፊካ» ነው። ሰንቲዬሮ የእግር መንገድ ማለት ሲሆን፣ ቦኒፊካ ደግሞ ረግረግን አጠንፍፎ ለእርሻ ማዋል ነው። በእኛ ቋንቋ ማቅናት ብንለው ይስማማዋል።

ታዲያ ማቅናት የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ጫካ መንጥሮ፣ ረግረግ አድርቆ መሬት ያቀና አለ፤ አገር አቀና የተባለም አለ። አገር ሲቀና በታሪክ ላይ የሚጻፈው የጦር አለቃው ስም ነው፤ በዚያው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ የቀረው ሰው ስም አይጻፍም። የኪያና ሸለቆ ታሪክም በእነዚህ በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚሄድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከወንዙ ነው። ኪያና በጥንት ዘመን ወደ ደቡብ ይፈስስ ነበር። ሮማውያን ክላኒስ ይሉታል። መጨረሻው ቲበር ነው፤ ቲበር ደግሞ ሮማን ሰንጥቆ ያልፋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ15ኛው ዓመት፣ በጢባርዮስ ቄሳር ዘመን፣ ቲበር ሞልቶ ሮማን አጥለቀለቃትና የሮማ ሸንጎ ምን ይሻላል ብሎ መከረ። ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ክላኒስን ከቲበር አላቅቆ ወደ አርኖ ወንዝ መመለስ ነበር። አርኖ ደግሞ በፊሬንዜ በኩል ነው የሚሄደው። የፊሬንዜ ሰዎች መልእክተኛ ልከው ውሃው ከመጣባቸው እንደሚያልቁ ተናገሩ፤ ለመኑ። ፒሶ የሚባለው የሸንጎ አባል ምንም አይነካ አለ፤ የእሱ ሐሳብ ጸና። ይህን የጻፈልን ታኪቱስ ነው። ልብ በሉ፤ ሮማ ተናገረች፣ ፊሬንዜ ተናገረች። በኪያና ዳር የሚያርሰው ሰው ምን እንዳለ ግን ታኪቱስ አንድ ቃል አላስቀመጠልንም።

ወንዙ ሳይነካ ቀረ፤ ሸለቆው ግን እንደነበረ አልቆየም። መሬቱ ዘቅዛቃ አይደለም፤ ከግራና ከቀኝ ኮረብቶች የሚወርዱት ጅረቶች ደግሞ ደለል እየተሸከሙ ይመጣሉ። ውሃው መሄጃ እያጣ ተኛ፤ በመካከለኛው ዘመን ሸለቆው ረግረግ ሆነ፣ ረግረጉም የወባ ቤት ሆነ። ዳንቴ ስለ ሲኦል በጻፈው ግጥሙ በአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ስቃይ ከምን ጋር ሊያወዳድረው እንደሚችል ሲያስብ ትዝ ያለው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት በኪያና ሸለቆ የታመመው ሰው ብዛት ነው። ከዚህ የበለጠ ምስክር ያስፈልጋል?

ዛሬ በዚያ መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ቀና ብሎ ሲመለከት የጥንቶቹን መንደሮች ሁሉ ከፍታ ላይ የሚያያቸው ለዚህ ነው። ኮርቶና ከተራራው ጎን ተለጥፋለች። ሞንቴፑልቻኖ ከኮረብታው አናት ላይ ናት። ሉቺኛኖ ቤቶቿን እንደ ቀለበት በቀለበት ደርድራ በጉብታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ፎያኖም እንዲሁ ከፍ ብላለች። ሜዳው ላይ ያሉት ቤቶች ከእነሱ ጋር ሲተያዩ የትናንት ልጆች ናቸው። ወባን ሽሽት ደጋ እያደረ ቆላ የሚያርስ ገበሬ ላለበት አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም።

ኪዩዚ አጠገብ ሁለት የድሮ ግንቦች አሉ። አንዱ የሲዬና ወገን የጠረፍ ግንብ ነው፤ ስሙ «ቤካቲ ኩዌስቶ»፣ እንካ ይህን ቅመስ እንደማለት። ሌላው የፔሩጃ ወገን ነው፤ ስሙ «ቤካቲ ኩዌሎ»፣ አንተም ያንን ቅመስ! እንዲህ ያለ የጠረፍ ስም በየትኛውም አገር ሰምቼ አላውቅም። ቀልዱ ግን ከባድ ነገር ይዟል፤ ረግረጉ የሁለት መንግሥታት ድንበር ነበርና። በስተሰሜን ቶስካና፣ በስተደቡብ የጳጳሱ ግዛት። አንዱ ውሃውን ሲገፋ ሌላው ይሰጋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1500ዎቹ መጀመሪያ የሸለቆውን ካርታ ሣለ፤ መካከሉ ሰፊ ሐይቅ ሆኖ ይታያል። ባሮሜትርን የፈለሰፈው ቶሪቼሊም በ1600ዎቹ በዚሁ ውሃ ጉዳይ ጽፏል። ሊቅ አልጠፋም። የጠፋው ስምምነት ነበር፤ እሱም የመጣው በ1780 ነው። የቶስካናው ታላቁ መስፍን ፒዬትሮ ሌዎፖልዶና ጳጳሱ ፒዮስ 6ኛ ተዋውለው በኪዩዚ በኩል ውሃውን ለሁለት የሚከፍል የአፈር ግድብ እንዲሠራ ተደረገ። ከግድቡ ወዲያ ያለው ወደ ቲበር፣ ከግድቡ ወዲህ ያለው ወደ አርኖ።

ቪቶሪዮ ፎሶምብሮኒ የሚባለው የአሬዞ ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የውሃ መሐንዲስ ነው፤ በ1789 ስለዚሁ ሸለቆ ታላቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላም የቶስካና ዋና ሚኒስትር ሆኖ በ1844 ሞተ። ዘዴው እንዲህ ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሌለው ቦይ ብቻ ቢቆፈር ውሃው ይተኛል እንጂ አይሄድም። ስለዚህ ውሃውን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ መሬቱን ከፍ ማድረግ ነው። ረግረጉን በአፈር ካብ እየከፋፈሉ እንደ ትልልቅ ገንዳ ያጥሩታል። በዝናብ ወራት ከኮረብታው የሚወርደውን የደፈረሰ ጎርፍ ያስገቡበታል። ውሃው ሲረጋ ደለሉ ይዘቅጣል፤ የጠራውን በሌላ በኩል ይለቁታል። በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና። ዓመት በዓመት፣ ጣት በጣት፣ መሬቱ ይነሣል። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ እነዚህ ግን ጅረቱን አስቁመው የተሸከመውን አፈር አራገፉት። በእኛ አገር ግድብ ይሞላል እየተባለ የሚረገመው ደለል እዚያ የስንዴ ማሳ ሆነ!

ሥራው ብዙ ትውልድ ፈጀ፤ ከፎሶምብሮኒ በፊትም ሲጀመርና ሲቋረጥ የኖረ ነው። በመጨረሻ ግን ወንዙ ፊቱን አዞረ። ወደ ደቡብ ይሄድ የነበረው ኪያና በሰው እጅ በተቆፈረ ቦይ ወደ ሰሜን ይሄድ ጀመር፤ በሮማ ሸንጎ የወደቀው ሐሳብ ከ1,800 ዓመት ገደማ በኋላ ተፈጸመ ማለት ነው። ዛሬ ብስክሌቱ የሚሄደው በዚህ በዋናው ቦይ ዳር ነው። መንገዱ መጀመሪያም የመንደር መንገድ አልነበረም፤ ቦዩንና የውሃ በሮቹን የሚጠብቁና የሚጠግኑ ሰዎች ይመላለሱበት የነበረ የቦይ መንገድ ነው። መኪና ያልለመደውም በዚህ ነው። ጋሪና ገበያተኛ በሌላ በኩል ይሄዱ ነበር፤ አስፋልቱም የመጣው እነሱን ተከትሎ ነው።

እንግዲህ ወደ ርዕሴ ልመለስ። ማን አቀናው ተብሎ ሲጠየቅ መጻሕፍቱ ፎሶምብሮኒ ይላሉ፤ ሌዎፖልዶ ይላሉ። ውሸት አይደለም። ግን ያ ሁሉ ካብ የተካበው፣ ያ ሁሉ ቦይ የተቆፈረው በአካፋና በቅርጫት ነው፤ አካፋውን የያዘው የቀን ሠራተኛና ጭሰኛ ነው። የደረቀውን መሬት ማን ወሰደው? ሰፊው ክፍል በ16ኛው ምዕተ ዓመት በሜዲቺዎች ዘመን የተቋቋመው የቅዱስ እስጢፋኖስ ፈረሰኞች ማኅበር ነበር። ጭሰኛው የተሰጠው መሬት ሳይሆን ውል ነው። የውሉም ስም ሜዛድሪያ ነው።

ሜዞ ማለት ግማሽ ነው። እርቦ አለ፣ ሲሶ አለ፣ እኩል አለ፤ ሜዛድሪያ የኛው እኩል ነው። ባለመሬቱ መሬቱንና ቤቱን ያቀርባል፤ ገበሬው ከነቤተሰቡ ጉልበቱን ያቀርባል፤ ምርቱ ለሁለት ይከፈላል። በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሕ ይመስላል፣ እኩል ለእኩል! ግን በአንዱ ወገን አንድ ጌታ፣ በሌላው ወገን አሥራ አምስት ነፍስ ቢሆን ይህ ምን ዓይነት እኩል ነው? በዚያ ላይ በዓል ሲመጣ ዶሮውና እንቁላሉ ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል። ልጅ ለመዳር ፈቃድ የሚጠየቅባቸው ውሎችም ነበሩ። ሒሳቡን በመዝገብ የሚጽፈው «ፋቶሬ» የሚሉት የባለመሬቱ ወኪል ነው፤ የእኛ ምስለኔ ዓይነት። ገበሬው ብዙ ጊዜ ማንበብ አይችልም። ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት ይተላለፋል። ውጣ ከተባለ ደግሞ ይወጣል፤ ያቀናውን መሬት ተሸክሞ አይሄድ!

በመንገዱ ዳር ደጋግመው የሚታዩት ትልልቅ ቤቶች የእነዚህ ጭሰኞች ቤቶች ናቸው። በመስፍኑ ስም «ሌዎፖልዲና» ይባላሉ። በ1770 ፈርዲናንዶ ሞሮዚ የሚባል ሰው ስለ ገበሬ ቤት አሠራር መጽሐፍ አውጥቶ ነበር፤ ቤቶቹም በዚያ ዘመን አስተሳሰብ የታነጹ ናቸው። ታች በረት፣ ላይ መኖሪያ፣ ከጣሪያው መካከል ብቅ ያለ የእርግብ ማማ። በረቱ ውስጥ ኪያኒና የሚባለው ነጭ በሬ ይታሰራል፤ ስሙን ከሸለቆው ያገኘ፣ በዓለም ላይ ካሉት ከብቶች ሁሉ በግዝፈት የሚመራ ነው። በ1,000 ኪሎ አይቆምም። ሰውየው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ የወንድሙ ቤተሰብ፣ ሁሉም ከዚህ በሬ በላይ ይተኛሉ፤ ሙቀቱም ሽታውም ከታች ይወጣላቸዋል።

ሌዎፖልዶ ክፉ ንጉሥ አልነበረም። በ1786 የሞት ቅጣትን ከቶስካና ሕግ ያጠፋ ሰው ነው፤ በዚያን ዘመን ይህን ያደረገ ሌላ መንግሥት አልነበረም። ቤቶቹም ከጎጆ የተሻሉ ናቸው። ይህን ሁሉ አምናለሁ። ነገር ግን ጥሩ ቤት የተሠራለት በሬውም ነው፤ ገበሬውና በሬው በአንድ ጣሪያ ሥር የገቡት ሁለቱም የዚያ ማሳ ዕቃ ስለሆኑ ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ስለ ሌዎፖልዲና ውበት ሲጽፉ ይህን ይዘሉታል፤ እኔ አልዘለውም።

ፋሺስቶች ሲመጡ ሜዛድሪያን አላፈረሱትም፤ እንዲያውም በ1933 ባወጡት ቻርተር አጸኑት። ጌታና ጭሰኛ ተስማምተው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው ብለው አሞገሱት። መሬት የተራበውን የጣሊያን ገበሬ ምን እናድርገው ለሚለው ጥያቄ መልሳቸው ሌላ ነበር፤ እሱም እኛው ነን። ከ1936 በኋላ የሮማኛን ገበሬዎች በወገራ፣ የፑልያን ገበሬዎች በጨርጨር የሚያሰፍሩ ድርጅቶች አቋቋሙ። በዚያኛው ሸለቆ ያልተከፋፈለውን መሬት በወገራ ሊያካፍሉ! ቦኒፊካ ያሉትን ቃል እስከዚህ ድረስ ይዘውት መጡ፤ ከዚያ 1941 ደረሰ።

ከጦርነቱ በኋላ የቶስካና ጭሰኞች ተነሡ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ድርሻቸው 53 ከመቶ ሆነ። እያንዳንዷ መቶኛ በሰላማዊ ሰልፍና በእህል ክፍያ ክርክር የተገኘች ናት። ከዚያ መስከረም 15 ቀን 1964 በወጣው ሕግ ድርሻቸው 58 ከመቶ ሆኖ፣ አዲስ የሜዛድሪያ ውል የመዋዋል በር ተዘጋ። በእኛ ሲቆጠር መስከረም 5 ቀን 1957 ዓ.ም. መሆኑ ነው። በዚያው በ1957 ዓ.ም.፣ የካቲት ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ወጡ። ማንም ከማንም አልሰማም፤ ግን ዓመቱ አንድ ነው። የእኛ ጭሰኛ አሥር ዓመት መቆየት ነበረበት፣ እስከ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.። የእነሱ ደግሞ የቀረውን ውል ወደ ኪራይ የሚለውጠው ሕግ እስኪወጣ እስከ 1982 ቆየ።

የሚያሳዝነው 58ቱ ከመቶ የደረሰው ቤቱ ባዶ ሊሆን ሲል ነው። ልጆቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ወደ አሬዞ የወርቅ ሥራ ፋብሪካዎች፣ ወደ ፕራቶ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች፣ ወደ ፊሬንዜ። ብዙዎች የሄዱት በብስክሌት ነው። ያን ጊዜ ብስክሌት የሠራተኛ እግር ነበር እንጂ የሽርሽር ዕቃ አልነበረም፤ የዴ ሲካን «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ያየ ሰው ብስክሌት ማጣት እንጀራ ማጣት እንደነበረ ያውቃል። ትራክተር መጣ፤ ኪያኒና ከቀንበር ወደ ሥጋ ቤት ተዛወረ። ሕጉ ከወጣ ከ19 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1964፣ ከሚላኖ እስከ ናፖሊ የሚወስደው ታላቁ የመኪና ጎዳና ተጠናቆ ተመረቀ፤ እሱም የሚያልፈው በዚሁ ሸለቆ ነው። ጫጫታው ሁሉ ወደዚያ ሄደ።

ዛሬ የጉብኝት ወረቀቶች የመንገዱን ጸጥታ ያወድሳሉ። ጸጥታው እውነት ነው፤ የሞንቴፑልቻኖና የኪዩዚ ሐይቆች ዳር የወፍ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ግን በዚያ ሜዳ ጸጥታ የነበረው በወባው ዘመንና አሁን ነው፤ በመካከል ያሉት ከሁለት መቶ የማያንሱ ዓመታት በሬ የሚጠራበት፣ ሕፃን የሚያለቅስበት፣ መዝገብ ላይ የሚጨቃጨቁበት ዘመን ነበር። የብስክሌቱን መንገድ አልነቅፍም። የአሬዞና የሲዬና አውራጃዎች የቦዩን ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት መተዋቸው ደግ አደረጉ እላለሁ፤ የመኪና መንገድ ቢያደርጉት ኖሮ ማንም ቆም ብሎ ቤቶቹን አያይም ነበር።

ከእናንተ መካከል ነጻ ትምህርት አግኝቶ ፔሩጃ ወይም ፊሬንዜ የሚሄድ ቢኖር አንድ ቅዳሜ ይስጠው። ኪዩዚም አሬዞም በአሮጌው የሮማና የፊሬንዜ ባቡር መስመር ላይ ናቸው፤ በአንዱ ወርዶ በሌላው መሳፈር ይቻላል። በጋቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባይሆን ይሻላል፤ መንገዱ ጥላ የለውም። ሚያዝያ ወይም መስከረም ጥሩ ነው። ውሃ መያዝ ነው። ባዶ ሌዎፖልዲና ብዙ ታያላችሁ፤ ጣሪያቸው የወደቀም አለ። የእርግብ ማማውን ሁሉም ፎቶ ያነሣዋል። እናንተ ከብስክሌታችሁ ወርዳችሁ የታችኛውን በር ተመልከቱ፤ ስፋቱ ለሰው ሳይሆን ለበሬው የተለካ ነው።